ከደሴ እስከ ይስማ ንጉሥ የሚወስደው የአንድ ቀን የቅርስ ጉብኝት

ከኮምቦልቻ ተነሥቶ በሐረጎ ዳገት ወደ ደሴ የሚወጣውን፣ ከዚያም ሐይቅን፣ ውጫሌንና መርሳን አልፎ ወልድያ የሚደርሰውን አውራ ጎዳና ከልጅነቴ ጀምሮ ተመላልሼበታለሁ። ቦሩ ሜዳን የማውቀው በአውቶቡሱ መስኮት በሚገባው ብርድ ነበር፤ ሐይቅን የማውቀው ዓሣ አንጠልጥለው ወደ መኪናው በሚሮጡ ልጆች፤ ውጫሌን ደግሞ ሾፌሩ ለሻይ በሚያቆምበት ቤት ነበር። በመንገዱ ዳር የቆሙትን የቅርስ ሰሌዳዎች ግን አንድም ቀን ወርጄ አንብቤያቸው አላውቅም። በዚህ ወር ከባለቤቴ፣ ከሁለት ልጆቼና አምባሰል ተወልዳ ካደገችው አክስቴ ጋር ሆኜ ይህንኑ መንገድ በአስጎብኚ ሄድኩበት። የአገልግሎቱን ጥሩነትም ጉድለትም በዝርዝር መጻፍ የፈለግኩት፣ እንደ እኔ እያለፈ የኖረ ብዙ ሰው እንዳለ ስለማውቅ ነው።

አገልግሎቱን የሚሰጡት ደሴ ውስጥ የሚኖሩ ሦስት ወጣቶች ናቸው። ቢሮ የላቸውም፤ ውሉ የሚያልቀው በስልክ ሲሆን፣ መኪናው በኪራይ የሚመጣ ሚኒባስ ነው። ክፍያው በሰው ሳይሆን በመኪና ስለሆነ ቤተሰብ ወይም ጓደኛሞች ተሰባስበው ቢሄዱ ይረክሳል፤ ለብቻው ለሚሄድ ሰው ግን ይከብዳል። የምሳ፣ የመግቢያና ለገዳም የሚሰጥ ስጦታ ከክፍያው ውጪ ነው፤ ይህንንም አስቀድመው በግልጽ ነግረውናል። ከመነሻችን በፊት በነበረው ማታ ደውለው የመንገዱን ሁኔታ ማጣራታቸውን፣ ለብርዱም ወፍራም ልብስ እንድንይዝ ነገሩን። ጠዋት አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል ፒያሳ ላይ ቆመው አገኘናቸው።

አስጎብኚያችን ገና ሰላሳ ዓመት ያልሞላው ልጅ ሲሆን፣ አክስቴን «እማማ»፣ እኔን «ጋሼ» እያለ፣ ልጆቹንም በስማቸው እየጠራ ቀኑን ሙሉ አብሮን ዋለ። አንድ ደንብ ነበረው። የትም ስንደርስ ወዲያው ማብራራት አይጀምርም፤ «መጀመሪያ ቁሙና ዙሪያውን እዩ፤ ከዚያ ሰሌዳውን እናነባለን፤ ሰሌዳው ያልጻፈውን ደግሞ እኔ እጨምራለሁ» ይላል። ለእኔ የአገልግሎቱ ዋና ዋጋ ይህ ነው። ሰሌዳ የሚጻፈው አንድ ነገር በዚህ መሬት ላይ ሆኗል ለማለት ነው፤ ሰው መሬቱን ሳያይ ጽሑፉን ብቻ አንብቦ ከሄደ ያንኑ ጽሑፍ ቤቱ ቁጭ ብሎ ቢያነበው ይሻለው ነበር።

የመጀመሪያው መቆሚያ ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ ያሠሩት የአይጠየፍ አዳራሽ ነበር። ስሙ እንግዳውን ሁሉ፣ ትልቁንም ትንሹንም፣ ሳይጠየፍ የሚያበላ የግብር አዳራሽ መሆኑን ይናገራል። አስጎብኚው ከአዳራሹ ስፋት ተነሥቶ ስለ ግብር ሥርዓት፣ ከግብሩ ተነሥቶ ስለ ሰውዬው ነገረን፦ በፊት ኢማም መሐመድ ዓሊ ይባሉ እንደነበር፣ ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ተጠምቀው ሚካኤል እንደተባሉና ክርስትና ያነሧቸው ዐፄ ዮሐንስ እንደነበሩ፣ በ1906 ዓ.ም. በልጃቸው በልጅ ኢያሱ ጊዜ ንጉሥ ተብለው ዘውድ እንደ ጫኑ፣ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ደግሞ ሰገሌ ላይ ተሸንፈው እንደ ተማረኩ። የልጃቸው የወይዘሮ ስሕን ስም በከተማው ትምህርት ቤት መጠሪያነት ዛሬም ስለሚጠራ፣ ሰባተኛ ክፍል ያለችው ልጄ የአባቷ ትምህርት ቤት ስም የአንድ ሰው ስም መሆኑን ያን ቀን አወቀች። ወይዘሮ ስሕን የእቴጌ መነን እናት መሆናቸውን ሲነግራት ደግሞ ስሙን በደብተሯ ላይ ጻፈችው።

የደሴ ሙዚየም ቀድሞ የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ የነበረ ቤት ነው። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ ጉዳትና ዝርፊያ የደረሰበት በመሆኑ ተረጋግቶ መታየት የሚገባው ቦታ ነው፤ ለእኛ የተሰጠን ጊዜ ግን ግማሽ ሰዓት እንኳ አልሞላም። ከከተማው ስንወጣ፣ የጣልያን አውሮፕላኖች ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴን እንዴት እንደ ደበደቧትና ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው በአውሮፕላኖቹ ላይ ይተኩሱ እንደነበር መኪናው እየሄደ ነገረን። ይህ ታሪክ መኪና አቁሞ መነገር ነበረበት።

ቦሩ ሜዳ ከደሴ በስተሰሜን ብዙም ሳይርቅ የተዘረጋ ከፍተኛ ሜዳ ነው። የደረስነው ጉሙ ገና ሳይነሣ ስለነበር፣ ሰሌዳው ራሱ የታየን ከጥቂት እርምጃ ርቀት ላይ ነው። የብረቱ እግር ከሥሩ ዝጓል፣ የቀለሙ ታችኛው ጠርዝ ተላጧል፤ አንድ እረኛ ልጅ በጋቢ ተጠቅልሎ ብረቱን ተደግፎ ቆሟል፣ በጎቹም በዙሪያው ይግጣሉ። አስጎብኚው ልጁን ሰላም ብሎ ጤዛውን በእጅጌው ጠረገና «እስቲ አንተ አንብብልን» አለው። ልጁ ጮክ ብሎ፣ በትምህርት ቤት ዜማ፣ ከላይ እስከ ታች አነበበው። በየቀኑ የሚደገፈውን ብረት ጽሑፍ ለሰው ሲያነብ የመጀመሪያው እንደሆነ ነገረን።

በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስና ንጉሥ ምኒልክ በተገኙበት በዚህ ሜዳ ላይ የተደረገው ጉባኤ ክርስቶስ ስንት ልደት አለው በሚል በቤተ ክርስቲያኒቱ ውስጥ የነበረውን ክርክር በሁለት ልደት ወገን አሸናፊነት ዘግቷል፤ የሦስት ልደት ተከታዮች ተሸነፉ። በአብዛኛው የሚነገረው ይህ ነው። አስጎብኚያችን ግን በዚህ አላበቃም። ከጉባኤው በኋላ የወሎ ሙስሊሞች በሦስት ዓመት ጊዜ ውስጥ እንዲጠመቁ መታዘዛቸውን፣ ኢማም መሐመድ ዓሊ ሚካኤል፣ ኢማም አመዴ ሊበን ደግሞ ኃይለ ማርያም መባላቸውን፣ ብዙ ሕዝብ አገሩን ጥሎ መሰደዱን፣ ሸህ ጠልሃ ጃዕፈርም ትእዛዙን ተቃውመው ሕዝብ አስከትለው መታገላቸውን ድምፁን ሳያነሣና ሳይዘል ነገረን። በዚያ ዘመን የተጠመቀው ሰው ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት እስላም ይባል እንደነበርም ጨመረልን።

ይህን ጊዜ አክስቴ፣ እስከዚያ ዝም ብላ ስታዳምጥ የቆየችው፣ «የአባቴ አያት ሁለት ስም ነበራቸው፤ በቤት የሚጠሩበትና በአደባባይ የሚጠሩበት። ለምን እንደሆነ ጠይቄ የመለሰልኝ ሰው አልነበረም» አለች። ማናችንም ከዚያ በፊት ሰምተነው አናውቅም። ወሎ ውስጥ አጎቱ ሸህ፣ የአክስቱ ልጅ ቄስ የሆነ ቤተሰብ ብርቅ አይደለም፤ ሁላችንም በሠርግና በለቅሶ የምናውቀው ነገር ነው። ሆኖም የዚህ መተሳሰር አንዱ ምንጭ ይህ ሜዳ መሆኑን፣ በውስጡም ብዙ ሕመም መኖሩን እኔ በዚህ ዕድሜዬ የሰማሁት እዚያ ጉም ውስጥ ቆሜ ነው። ለዚህ አንድ መቆሚያ ብቻ የከፈልኩት ገንዘብ አይቆጨኝም።

ስለ ሰሌዳዎቹ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ቀኑን ሙሉ ካየናቸው ሰሌዳዎች አንዱ ዓመተ ምሕረቱን በእኛ አቆጣጠር፣ ሌላው በፈረንጆች አቆጣጠር ይጽፋል፤ አንዳንዱ ደግሞ የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ምንም ምልክት አያኖርም። የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት ደግሞ ለታሪክ ቀላል አይደለም፤ ዐፄ ዮሐንስ ከሞቱ በኋላ የሆነውን ነገር በሕይወት ሳሉ የሆነ ሊያስመስለው ይችላል። ልጄ ሁለት ቁጥሮችን ደብተሯ ላይ አስተያይታ «የትኛው ነው ትክክሉ?» ስትል፣ አስጎብኚው ሁለቱም ትክክል መሆናቸውን አስረድቶ ከያንዳንዱ ቁጥር ጎን «ዓ.ም.» እና «እ.ኤ.አ.» አስጻፋት። ሰሌዳ የሚያቆም ማንኛውም አካል ይህን ሁለት ፊደል ቢጨምር ቀለሙ አያልቅበትም፤ አንባቢውን ግን ከስሕተት ያድናል።

ከደሴ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘን ሐይቅ ደረስን። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ቀድሞ በደሴት ላይ የነበረ፣ አሁን ግን ከየብስ ጋር የተያያዘ ነው። በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከእሳቸው እግር ሥር ቁጭ ብለው የተማሩበት ቦታ ነው፤ የገዳሙ አበ ምኔት ለረጅም ዘመን «ዐቃቤ ሰዓት» በሚለው ማዕረግ በቤተ መንግሥት ትልቅ ሥልጣን ነበረው። እኔና ልጄ ወንዱ ገብተን የሰማነው ሁሉ ደስ የሚል ነበር።

ነገር ግን ወደ ገዳሙ ሴቶች አይገቡም። ይህ የገዳሙ የቆየ ሥርዓት ነው፤ በሥርዓቱ ላይ ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ አገልግሎቱ ላይ ነው፦ ከአምስታችን ሦስቱ ሴቶች መሆናቸውን ስንመዘገብ ነግረናቸው ሳለ፣ ይህን ነገር የሰማነው በሩ ላይ ስንደርስ ነው። አክስቴ፣ ባለቤቴና ልጄ ከአንድ ሰዓት በላይ መኪናው ጥላ ሥር ተቀምጠው ጠበቁን። ቢያንስ ሁለተኛ አስጎብኚ ከእነሱ ጋር ቀርቶ የገዳሙን ታሪክ ሊነግራቸው፣ ወይም በሐይቁ ዳር ሊያዞራቸው ይገባ ነበር። ልጄ ጠዋት ሙሉ ስትጽፍ የቆየችበትን ደብተር ዘግታ አገኘኋት፤ ይህን ሳይ በጣም አዘንኩ። አስጎብኚው ይቅርታ ጠይቆ ምሳ ላይ ከጎኗ ተቀምጦ ያየነውን ሁሉ ደግሞ ነገራት፤ ሥዕል እየሣለም አስረዳት። ጥፋቱን አልሸፋፈነም፤ ቢሆንም ጥፋት ነው። ምሳው ከሐይቁ የወጣ ትኩስ የተጠበሰ ዓሣ ከዳጣ ጋር ነበር፤ ስለ እሱ ከማመስገን በቀር የምለው የለኝም።

ከሐይቅ በኋላ መንገዱ ወደ አምባሰል አገር ይገባል። የተራራው ሰንሰለት በስተግራ ሲታይ አክስቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ በአምባሰል ቅኝት ማንጎራጎር ጀመረች፤ ሾፌሩም ሬዲዮውን ዘጋላት። የአገሩ ገዥዎች «ጃንጥራር» ይባሉ እንደነበርና የእቴጌ መነን አባት ጃንጥራር አስፋው መሆናቸውን እሷው ናት ለአስጎብኚው የነገረችው፤ እሱም ያውቀው የነበረ ቢሆንም አላቋረጣትም። ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ በወሎ ቦታዎች ስም መጠራታቸውን የሚናገር አንድም ሰሌዳ በመንገዱ ዳር አለማየቴን እዚህ ላይ ልብ አልኩ።

የጉዞው መጨረሻ ይስማ ንጉሥ ነው። ከውጫሌ አጠገብ የሚገኝ፣ ስሙ ራሱ «ንጉሥ ይስማ» የሚል አቤቱታ የሚመስል ቦታ ነው። ምኒልክ ከጣልያን ጋር የተዋዋሉት የውጫሌ ውል በተለምዶ በከተማዋ ስም ቢጠራም፣ የተፈረመው በዚህ በነበረው በምኒልክ ሰፈር ነው፤ ቀኑም ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ነው። ደንቡ ስለሆነ አስጎብኚው መጀመሪያ ዝም ብሎ አቆመን። ከፊታችን የታረሰ ማሳ፣ ከበላዩ የአምባሰል ገደል፣ ከታች ደግሞ ወደ ቆላው የሚወርድ ሸለቆ ይታያል። ከዚያ ልጆቹን «ንጉሥ ብትሆኑ ድንኳናችሁን የት ትተክሉ ነበር?» ብሎ ጠየቃቸው። ልጄ ወንዱ ውሃ ያለበትን፣ እኅቱ ደግሞ መንገዱን የሚያሳየውን ከፍታ መረጡ። እሱም ስለ ሠራዊት ውሃ፣ ስለ በቅሎ መኖና ስለ ሰሜኑ መንገድ አስረድቶ፣ ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ከሞቱ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ምኒልክም እንጦጦ ላይ ገና ዘውድ ሳይጭኑ፣ ይህ ውል ለምን በጥድፊያ እንደ ተፈረመ ነገረን።

ከዚያ ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ውሉ 20 አንቀጽ አለው፤ እሱ ያነበበልን 17ኛውን ብቻ ነው። በአማርኛው ቅጂ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በጣልያን መንግሥት አጋዥነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። በጣልያንኛው ቅጂ ግን ይህን ለማድረግ ተስማምተዋል የሚል ሆኖ ተጻፈ፤ ጣልያንም ይህን ይዛ ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት ብላ ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀች። አስጎብኚው «ይቻላቸዋል» የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ ደጋግሞ አነበበና፣ «እማማ፣ አንድ ሰው ይችላል ቢሉት ግድ አለበት ማለት ነው?» ብሎ አክስቴን ጠየቃት። «ኧረ ምን ሲደረግ! ይችላል ማለት ከፈለገ ነው፤ ካልፈለገ ይተወዋላ» አለች። ፊደል ያልቆጠረች ሴት ናት። ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. ውሉን ያፈረሱበት፣ በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ደም የፈሰሰበት፣ በጥቅምት 1889 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ላይ በአዲስ ውል የተሻረው ነገር ሁሉ በዚያ ማሳ ዳር በአንድ ግሥ ላይ ተንጠልጥሎ ታየኝ።

ሰሌዳዎቹ ይህን ሁሉ ሊይዙ አይችሉም፤ መያዝም የለባቸውም። ሆኖም አንድ ሰሌዳ «እዚህ ውል ተፈረመ» ብሎ ከሚያበቃ፣ ያንን አንድ ቃል በአማርኛና በጣልያንኛ ጎን ለጎን ቢጽፈው፣ ያለ አስጎብኚ የሚመጣውም ሰው ይዞት የሚሄድ ነገር ያገኛል።

ትልቁን ጉድለት ለመጨረሻ አቆይቼዋለሁ። አገልግሎቱ በቃል የሁለቱንም ሃይማኖት ታሪክ እኩል ይናገራል፤ በእግር ግን የሚወስደው ወደ ቤተ መንግሥት፣ ወደ ጉባኤ ሜዳና ወደ ገዳም ብቻ ነው። ወሎ የሸሆች አገር ናት። ሸህ መሐመድ ሻፊ የመውሊድን በዓል ያስለመዱበት ጀማ ንጉሥ፣ ዳናና ጌታ ለዘመናት ደረሳ (የእስልምና ትምህርት ተማሪ) የተማረባቸው፣ መንዙማ የተገጠመባቸውና ሕዝብ ለዱአ የሚሰበሰብባቸው የዕውቀት ቦታዎች ናቸው። ከእነዚህ አንዱ እንኳ በጉዞው ውስጥ አለመኖሩ ጉብኝቱን ግማሽ ያደርገዋል። ምክንያቱን ስጠይቅ ርቀትና የአንድ ቀን ጊዜ መሆኑን ነገሩኝ። አንዱን ቀን ሁለት ያድርጉት፤ ወይም የሐይቁን ሰዓት አሳጥረው ለአንድ መስጊድ ቦታ ይስጡ፤ ይህን ለእነሱም በፊታቸው ብያቸዋለሁ።

ለመሄድ ለሚያስብ ሰው ጥቂት ነገር ልናገር። ጉሙ የማይወድ ሰው ቦሩ ሜዳ ላይ አርፍዶ ቢደርስ ይሻላል፤ ለእኔ ግን ጉሙ ጥሩ ነበር። ለግሸን ማርያም በዓል ለመስከረም 21 ሕዝቡ ወደ አምባው ሲተም መንገዱ በእጅጉ ስለሚጨናነቅ፣ ለመሳለም ካልሆነ በቀር በዚያ ሳምንት አይሂዱ። በመንገዱ ላይ የሚታመን መጸዳጃ ቤት ያለው ሐይቅ ከተማ ውስጥ ምሳ በበላንበት ቤት ብቻ ስለነበር፣ ከሽማግሌና ከሕፃን ጋር የሚጓዝ ሰው ይህን ያስብበት። መቅደላ በዚህ ጉዞ ውስጥ የለም፤ አለመኖሩም ትክክል ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የሞቱበት፣ ሴባስቶፖል የተባለው መድፋቸውም ዛሬ ድረስ የተቀመጠበት አምባ ራሱን የቻለ ቀን ይፈልጋል።

አመሻሹ ላይ ደሴ ስንመለስ የጦሳ ተራራ ጨልሞ ከተማው መብራት አብርቶ ነበር። በአራተኛው ቀን አስጎብኚው ደውሎ፣ ከአሁን በኋላ ሴቶች ያሉበት ቡድን ሲመጣ ሁለት ሆነው እንደሚወጡ ነገረኝ፤ ወደ ተንታና ወደ መቅደላ የሚሄድ የሁለት ቀን ጉዞም እያዘጋጁ መሆኑን ጨመረልኝ። ስልኩን ለአክስቴ ሰጠኋት። ዋጋውን እንኳ ሳትጠይቅ ስሟን አስመዘገበች።